ድስቴን ፍለጋ

ረቡዕ ማታ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት ልጸልይ አይደለም። ድስቴን ፍለጋ ነው።

ትልቁን ድስቴን። አዲስ አበባ ለእረፍት ሄጄ መርካቶ የገዛሁት ነው። ውስጡ ሽሮና በርበሬ ጠቅጥቄ፣ በሻንጣ ይዤው መጣሁ። አርባ ሰው ያበላል። እሁድ ዶሮ ወጥ ሠርቼበት ሄጄ፣ ቸርች ኩሽና ውስጥ ረስቼው ተመለስኩ። (አዎ፣ በሁዳዴ ዶሮ ወጥ። ጴንጤ ነን። እመለስበታለሁ።)

ሕንጻው የኛ አይደለም። እዚህ ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን እንደኛ ሰፈር ሱቅ በየመንገዱ አለ። ድሮ ከስዊድን፣ ከኖርዌይና ከጀርመን ተሰደው የመጡ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው። አሁን ልጆቻቸው ተበትነዋል፣ ሽማግሌዎቹ ቀርተዋል። እነሱ ሕንጻ አላቸው፣ ሰው የላቸውም። እኛ ሰው አለን፣ ሕንጻ የለንም። ስለዚህ እሁድ ጠዋት እነሱ፣ ከሰዓት በኋላ እኛ። የኛ ጉባኤ በአማርኛ ነው፤ ኪቦርድ፣ ሞንታርቦ፣ ሦስት ኳየር፣ ሦስት ሰዓት።

እኔ ያደግኩት መካነ ኢየሱስ ነው። መካነ ኢየሱስም ሉተራን ናት። በ1951 ዓ.ም. ስትቋቋም ከኋላዋ የስዊድንና የጀርመን ሚሲዮናውያን ሥራ ነበረ። እንግዲህ ከነዚህ ሽማግሌዎች ጋር ዘመዳሞች ነን። ነበርን ቢባል ይሻላል። መካነ ኢየሱስ በ2013 እ.ኤ.አ. በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ጉዳይ ከአሜሪካው ትልቁ የሉተራን ቤተ ክርስቲያንና ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋርጣለች። የኛ ሰዎች ይሄ ሲነሳ «እኛ ተከራይ ነን» ብለው ያልፉታል። እኔም ዛሬ ልለፈው። የመጣሁት ለድስቴ ነው።

ቀኑ መጋቢት 17፣ 2017 ዓ.ም. ነበር። የሌሊት ፈረቃዬ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚጀምር ጊዜ አለኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። መኪና ማቆሚያው ዳር ላይ የተገፋው በረዶ ጠቁሮ፣ የከሰል ክምር መስሎ ተቀምጧል። የምድር ቤቱን በር ስከፍት የአተር ክክ ሽታ ተቀበለኝ። እውነቴን ነው፣ ክክ! ለአፍታ ያህል የእማማ ጓዳ የገባሁ መሰለኝ።

ኩሽናው ውስጥ ሦስት ሽበታም ሴቶች ሽርጥ ታጥቀው ይጣደፋሉ። ምድጃው ላይ ደግሞ ድስቴ ተጥዶ ይንተከተካል።

«ድስቱ የኔ ነው» አልኩ። ምን ልበል?

«የአንቺ ነው እንዴ?» አሉ አንደኛዋ ሴትዮ፣ ማማሰያውን እንደያዙ። «ምነው ቀደም ብለን ባገኘነው! በሃምሳ ዓመት እዚህ ኩሽና እንዲህ ያለ ድስት አልገባም። ሥሩ አይዝም እኮ።» ያመሰግኑኛል፣ እኔ ደግሞ ድስቱ ውስጥ አያለሁ። ክኩ መሃል ሐምራዊ ሮዝ ቁርጥራጭ ይንሳፈፋል።

አሳማ ነው።

ጴንጤ ብሆንም አሳማ አልለመደልኝም። ሃይማኖት አይደለም፣ ሆዴ ነው እምቢ የሚለው። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። ዶሮ ወጥ የምሠራበት ድስት፣ እናቶቻችን የሚበሉበት ድስት፣ በአሳማ ሾርባ ተሞልቶ ሳየው ጉሮሮዬ ላይ የመጣው ነገር የኔ አልነበረም። የእማማ ነበር።

እማማ የእናቴ እናት ናት። ጉለሌ አብረን ነበር የምንኖረው። እናቴ ጌታን ስትቀበል እማማ ኦርቶዶክስ እንደሆነች ቀረች። አንድ ቤት፣ ሁለት ሃይማኖት። ጦርነት አልነበረም፤ የሚለየን ጓዳው ብቻ ነበር። እማማ ለሁዳዴ አንድ ትንሽ የብረት ድስት ነበራት። ቅቤ አይነካውም፣ ሥጋ አይነካውም። ሃምሳ አምስቱን ቀን ሽሮዋንም ክኳንም ጎመኗንም በሱ ነው የምትሠራው። ፋሲካ ሲደርስ አጥባ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ትሰቅለዋለች፣ እስከሚቀጥለው ጾም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዓርብ ቀን ከትምህርት ቤት መጣሁ፣ ራበኝ። የቅርቡን ድስት አነሳሁና በቅቤ እንቁላል ጠበስኩበት። አውቄ ነው? ግማሽ በግማሽ። ያን ሰሞን በሰንበት ትምህርት ቤት «ወደ አፍ የሚገባ ሰውን አያረክስም» የሚለውን ጥቅስ በቃላችን ይዘን ነበር። እማማ ስትገባ የጾሙ ድስት ምድጃው ላይ፣ እኔ ደግሞ አፌ በእንቁላል ተሞልቷል። ጥቅሱን ከነምዕራፉ ነገርኳት። ማቴዎስ 15፣ ቁጥር 11።

አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካከለችና «ልክ ነሽ ልጄ» አለች። «ድስቱ ግን የኔ ነው።»

ከዚያ ከከሰል ምድጃው አመድ ዝቃ ደጅ ተቀመጠች። አሸችው። አጠበችው። እንደገና አሸችው። ሦስቴ። አመዱ እስከ ክርኗ ነጭ አደረጋት። ያም ሆኖ አላመነችውም፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ከጎረቤት ድስት እየተዋሰች ነው የሠራችው። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ጥቅሱ ከኔ ጋር ነበረና።

እንግዲህ ሰላሳ ምናምን ዓመት ቆይቶ፣ ሚኒሶታ ምድር ቤት ውስጥ፣ «ድስቱ የኔ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ሳቄ መጣ። ሴትዮዋ ደስ ያለኝ መስሏቸው ሳህን ሞልተው ሰጡኝ። አሳማ እንደማልበላ ስነግራቸው ደነገጡ። «አይ በሞትኩት!» በሚመስል ዓይነት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዳቦና አይብ አቀረቡልኝ። ድስቱን አሁኑኑ ገልብጠው እንዲሰጡኝ ልጠይቅ አልቻልኩም። ሰላሳ ሽማግሌ ተሰልፎ እየጠበቀ?

ነገሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ለነሱም ዐቢይ ጾም ነው። በአመዱ ረቡዕ ይጀምራል፣ እሁዶቹ ሳይቆጠሩ አርባ ቀን። በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ ሾርባና ዳቦ ይበላል፣ ከዚያ ላይ ቤት ወጥቶ የሠርክ ጸሎት ይደረጋል። «ሾርባ የሆነው ቀለል ያለ እራት እንዲሆን ነው» አሉኝ፣ በአሳማ ሾርባው ላይ ቅቤ የተቀባ ዳቦ እየነከሩ። የተከለከለ ምግብ የላቸውም። እያንዳንዱ ደስ ያለውን ነገር ይተዋል። እሳቸው ቸኮሌት ትተዋል። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ዜና ማየት ትተው ደም ግፊታቸው ወርዷል። በልቤ «እማማ ይህን ብትሰማ» አልኩ። ሳምንቱ ደብረ ዘይት ያለፈበት ነው፤ የኛ አገር ጿሚ ወገቡ ላይ ደርሷል። በዚያ ዓመት ደግሞ የነሱም የኛም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን፣ አንድ ላይ ነበር የሚውለው።

«ላይ ቤት ውጪ፣ ጸሎቱ ሰላሳ አምስት ደቂቃ ናት» አሉኝ። «ድስትሽን እስክናጥብልሽ።»

ወጣሁ።

እሁድ እሁድ የማውቀው አዳራሽ አልመሰለኝም። መብራቱ ጠፍቷል። መስቀሉና መሠዊያው ላይ ሐምራዊ ጨርቅ ተጥሏል። አበባ የለም። ሰላሳ የሚሆን ሰው፣ እዚህም እዚያም፣ ተራርቆ ተቀምጧል። ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ከሰው ጋር ተጠጋግቶ አይቀመጥም፤ ይሄም የሃይማኖት ሥርዓት ይመስለኛል። ማንም አያወራም። እኛ ጋ እንዲህ ዝም ከተባለ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ማይክ ተበላሽቷል።

በምዕራብ በኩል ባለው ባለቀለም መስተዋት ገና ብርሃን ይገባል። አንድ ሰዓት ላይ ከኋላ በር አንዲት ልጅ ትልቅ ሻማ ይዛ ገባች። ሁሉም ዞሮ ቆመ። ፓስተሯ አንድ መስመር ያዜማሉ፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ቃሉን ወዲያው አወቅኩት፣ የኤማሁስ መንገደኞች ጌታን የለመኑት ነው። ከእኛ ጋር እደር፣ ማታ ቀርቦአልና።

እደር። በአማርኛ ሳስበው ነው ልቤን የነካው። እንግሊዝኛው «ቆይ» ነው የሚለው። የኛ መጽሐፍ ቅዱስ «እደር» ይላል። እንግዳ መሽቶበት ሲነሳ በር ላይ ይዘን የምንለው ቃል።

ከዚያ ስለ ብርሃን የሚዘመር አጭር መዝሙር ተዘመረ። በግሪክ የተጻፈ፣ እጅግ ጥንታዊ መዝሙር ነው። የኛዎቹ ኦርቶዶክሶች በቅዳሴው የሚያውቁት ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «የድሮ» ሲል ጠቅሶታል። በሱ ዘመን ድሮ የነበረ፣ እዚህ በረዶ ውስጥ በሽማግሌ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ መዝሙር 141። «ጸሎቴን እንደ ዕጣን በፊትህ ተቀበልልኝ፤ እጅ መንሣቴም እንደ ሠርክ መሥዋዕት ትሁን።» ዕጣን ግን የለም። የሚሸተው ከታች የሚመጣው ሾርባ ነው።

ዜማውን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። «ሆልደን» ይሉታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ፣ በክረምት፣ ዋሽንግተን ግዛት ተራሮች መሃል ሆልደን በምትባል መንደር ውስጥ ነው የተደረሰው። መንደሯ ድሮ የመዳብ ማውጫ ነበረች፤ ማዕድኑ ሲዘጋ ሉተራኖች የሱባኤ ቦታ አደረጓት። መኪና መንገድ ከውጭ አያስገባትም፣ መጀመሪያ በጀልባ ሐይቅ መሻገር ያስፈልጋል። ይሄን የነገሩኝ ዜና የተዉት ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው እዚያ ሰሃን አጣቢ ነበሩ።

ስብከቱ ስምንት ደቂቃ ነበር። ስምንት! በሉተር ትንሹ ካቴኪዝም ላይ ነው። በ1529 እ.ኤ.አ. የተጻፈችው ያቺ ቀጭን የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ፤ እኔም ልጅ ሆኜ ተምሬያታለሁ። አሥርቱ ትእዛዛት፣ የሃይማኖት መግለጫ፣ አባታችን ሆይ፣ «ይህ ምን ማለት ነው?»። ፓስተሯ ያነሱት ግን እኔ የማላስታውሰውን ነው፣ የማታውን ጸሎት። ሉተር ወደ አልጋህ ስትሄድ በመስቀል ምልክት አማትብ ይላል። ከዚያ ጸልይ። ከዚያ ወዲያው ደስ ብሎህ ተኛ።

አማትብ?

እኛ ሰፈር ጴንጤና ኦርቶዶክስ የሚለየው በምን ነበር? የሚያማትብና የማያማትብ። ታክሲ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን በር ስናልፍ እማማ ታማትባለች፣ እኔ በመስኮት አያለሁ። ቀና ብዬ ሳይ ፊት ለፊቴ ያሉት አዛውንት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ያማትባሉ። የሉተር ልጆች! ማን ነው ታዲያ ይሄን ገጽ ከኛ መጽሐፍ ያወጣው? ወይስ እኔ ነኝ የዘለልኩት?

ጸሎቱ ሲያልቅ ልቤ ሞልቶ ነበርና ለካ አፌ አምልጦኛል። «ሃሌሉያ!»

ጮክ ብዬ። እሁድ ከሰዓት እንደለመድኩት።

ዝም። ሻማ የያዘችው ልጅ ዓይኗ ፈጠጠ። በኋላ እንደተረዳሁት በዐቢይ ጾም ሃሌሉያ አይሉም። ለፋሲካ ሌሊት ያስቀምጡታል። እኔ ሳምንታት ቀድሜ አወጣሁት። ፊቴ እየጋለ ቁጭ ስል የእማማ ድምፅ መጣብኝ፤ «በሁዳዴ ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽል አይሰማም። መቋሚያ ብቻ ነው።» ልጅ ሆኜ ይሄንን የሞተ ሃይማኖት ምልክት አድርጌ እቆጥረው ነበር። ምን ዓይነት አምልኮ ነው ከበሮውን የሚደብቅ? እል ነበር።

ከዚያ ነው የማርያም ጸሎት የመጣው።

መጀመሪያ አላወቅኩትም፣ ዜማው አሳስቶኝ። «ገዥዎችን ከዙፋናቸው አዋርዶአል» ላይ ሲደርሱ ነው የነቃሁት። ሉቃስ ምዕራፍ 1። እነዚህ ሰዎች የሠርክ ጸሎት ባደረጉ ቁጥር የማርያምን ጸሎት ይዘምራሉ ማለት ነው። ወንዶቹም፣ «የባሪያይቱን ውርደት ተመልክቶአልና» እያሉ።

እማማ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሳ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ ከቄሱ እየሰማች የያዘችውን ትደግም ነበር። «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር፤ ወትትሐሠይ መንፈስየ በአምላኪየ ወመድኃኒየ።» እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ግእዙን አላውቅም፤ ለማርያም የምትጸልይ ነበር የሚመስለኝ። «እማማ፣ ማርያም አታድንም፣ ኢየሱስ ብቻ» ብያታለሁ፣ አንድ ቀን አይደለም። እሷ ግን ማርያም የጸለየችውን ነበር የምትጸልይ። ከሉቃስ ወንጌል፣ ቃል በቃል። የኔን መጽሐፍ ቅዱስ ነበር እኮ የምታነብልኝ፣ ማንበብ የማትችለው ሴትዮ።

አልቅሻለሁ። ብዙ አይደለም። ከጎኔ በሦስት ሰው ርቀት ያሉት ሴትዮ ሳይዞሩ ሶፍት አቀበሉኝ። ሳይዞሩ። ሚኒሶታን የምወዳት ለዚህ ነው።

ሲያልቅ ሻማው ወጣ። መስኮቶቹ ጨልመዋል። ሰላምታ የለም፣ ቡና የለም፣ ዝም ብሎ መውጣት ነው።

ምድር ቤት ድስቴ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ስሜ በነጭ ፕላስተር ተጽፎበት ጠበቀኝ። ከነስህተቱ፣ አንድ ፊደል ጎድሎት።

የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ረዳት ነርስ ነኝ። ማታ ላይ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይረበሻሉ፤ ጀንበር ስትጠልቅ ይጀምራቸውና አንዳንዱን እስከ ሌሊት አይለቀውም። «ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። «እናቴ ትጠብቀኛለች» ይላሉ፣ የዘጠና ዓመት ሰዎች። አንዲት እናት አሉ፣ አልጋቸውን አስተካክዬ ልወጣ ስል እጄን ይይዛሉ። አትሂጂ ይላሉ። በዚያን ሌሊትም ያዙኝ። ሌላ ጊዜ «እመለሳለሁ» ብዬ እጄን እስብ ነበር። ያን ቀን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ እስኪተኙ። ሥራ ተከመረብኝ፣ የፈረቃ አለቃዬም አጉረመረመች።

በእረፍቴ እናቴ ጋ ደወልኩ። እኔ ጋ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ እሷ ጋ ረፋድ አራት ሰዓት ነው። የድስቱን ነገር ነገርኳት።

«አሳማ?» አለች። «በኔ ድስት?» (የገዛሁት እኔ ነኝ። የመረጠችው ግን እሷ ናት።)

«ታጥቧል እኮ እማዬ። በሳሙና።»

«ሳሙና ምን ያደርጋል! በአመድ እሺው እንጂ።»

ዝም አልን። ሁለታችንም ያቺን ዓርብ እያሰብን እንደነበር አውቃለሁ። እናቴ ያን ቀን ማታ ከሥራ ገብታ ስትሰማ በኩርኩም ነበር ያለችኝ፣ ጴንጤ ብትሆንም።

«አሜሪካ አመድ ከየት አመጣለሁ?» አልኳት።

«ቤተ ክርስቲያናችሁ የለም ወይ? ግንባራቸውን የሚቀቡት እኮ ነው። በቴሌቪዥን አይቻለሁ።»

እውነቷን ነው። ያለፈው ዓመት የሆሳዕና ዘንባባ ይቃጠልና አመዱ በጾሙ የመጀመሪያ ረቡዕ ግንባር ላይ በመስቀል ይቀባል። «አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህና» እየተባለ። ያን ዕለት በረዶ ስለነበር እንኳን እኔ ብዙዎቹም አልሄዱም አሉ። ተርፎ ይሆናል። ግን ፓስተሯን «ድስት ላሽበት አመድ ይስጡኝ» ማለት ከበደኝ። በሽቦ አሸሁት። ሦስቴ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሾርባውን እኔ እንደማመጣ በበር ላይ ባለው ወረቀት ተመዘገብኩ። ምስር ነው የሠራሁት። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልቼ፣ በኋላ ዘይት፣ በርበሬውን ለነሱ ብዬ ቀነስ አድርጌ። ቅቤ የለበትም፣ ሥጋ የለበትም፣ ወተት የለበትም። እማማ ብትመጣ ትበላዋለች። እናቴን በቪዲዮ እያሳየኋት ነው የሠራሁት፤ «ጨው» ብቻ ነው ያለችው።

ሴትዮዋ ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ በርበሬው ነው። «እግዚኦ፣ ግሩም ነው!» አሉ። ቸኮሌት መተዋቸውን የረሱ እስኪመስል ደስ አላቸው። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፍተው አንድ ላስቲክ ሙሉ የተፈቀፈቀ አይብ አወጡና፣ ምንም ሳልል፣ ድስቱ ውስጥ ነሰነሱበት።